ተልባና አብሽ የጠጪን ጉበት ያድናሉ ወይ?

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። ባለቤቴ 41 ዓመቱ ነው። ከሰዓት ይቅማል፣ ማታ ለጨብሲ ይወጣና አራት አምስት ቢራ ይጠጣል፣ አንዳንዴ አረቄም ይደርብበታል። በቅርቡ ተመርምሮ ኤኤስቲ 96፣ ኤኤልቲ 44፣ ጂጂቲ 180 ተባለ። ፋይበር ያላቸው ዕፅዋት ጉበትን፣ ልብንና ኩላሊትን ከአልኮል ጉዳት ይከላከላሉ የሚል ቪዲዮ ካየሁ ወዲህ በየጠዋቱ ተልባና አብሽ አጠጣዋለሁ። የታሸገ የፋይበር ዱቄትም ግዢለት ብለውኛል። እሱ ደግሞ አሁን አሁን ‹አንቺ ተልባዬን ስጪኝ እንጂ ቢራው ምንም አያደርገኝም› ማለት ጀምሯል። እውነት ይጠብቀዋል? ምን ያህልስ ልስጠው?»

እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ። ተልባውም አብሹም ጥሩ ነው፣ አታቋርጪው። የቢራውን ጉዳት ግን አያጠፋም። ባለቤትሽ «ምንም አያደርገኝም» ይበል እንጂ የራሱ ደም ሌላ ነው የሚናገረው። ኤኤስቲ፣ ኤኤልቲና ጂጂቲ የጉበት ሴል ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚበዙ ኢንዛይሞች ናቸው። ኤኤስቲ ከኤኤልቲ በእጥፍ ሲበልጥ፣ ጂጂቲም አብሮ ሲወጣ፣ እኛ መጀመሪያ የምንጠረጥረው አልኮልን ነው። ማረጋገጫ አይደለም፣ ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል፣ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ያየሽው ቪዲዮ ጨርሶ ውሸት አይደለም። እውነት ይዞ ተነስቶ ነው መጨረሻ ላይ የበዛበት። የቱ ላይ እንደበዛበት እንድታዪው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ።

አልኮል በአብዛኛው የሚቃጠለው ጉበት ውስጥ ነው። ጉበት መጀመሪያ ወደ አሴታልዴሃይድ ይቀይረዋል፣ ይሄ ደግሞ ከአልኮሉም የባሰ መርዝ ነው። ከዚያ ወደ አሴቴት ሲለውጠው መርዝነቱ ይበርዳል። አልፎ አልፎ በሚጠጣ ሰው ላይ ሥራው ባብዛኛው በዚህ ያልቃል። በየቀኑ ሲጠጣ ግን ጉበት ሌላ ተጨማሪ መንገድ ያሰፋል፣ ሲዋይፒ 2ኢ1 የሚባል ኢንዛይም ያበዛል። ችግሩ ይሄ ኢንዛይም አልኮሉን ሲያቃጥል ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ያልተረጋጉ ሞለኪውሎችን አብሮ መልቀቁ ነው። እነሱ ያገኙትን ይጎዳሉ፣ የሴሉን ቅባት፣ ፕሮቲኑን፣ ዘረመሉን ሳይቀር። ጉበት የራሱ መከላከያ አለው፣ ዋናው ግሉታታዮን ይባላል። የዘወትር ጠጪ ላይ ግን ግሉታታዮኑ እየተመናመነ ይሄዳል። ጎጂው እየበዛ መከላከያው ሲያንስ ነው ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ተብሎ ቪዲዮው ላይ የሰማሽው ነገር የሚመጣው።

እዚህ ላይ ፋይበር ምንም የሚሠራው የለም። ልብ በይ፣ ፋይበር ማለት ሆዳችን የማይፈጨው የዕፅዋት ክፍል ስለሆነ ጉበት ውስጥ አይገባም። ደም ውስጥም አይገባም። አልኮሉ ደግሞ ከሆድና ከትንሹ አንጀት ገና በጊዜ ተመጥጦ ሄዷል። ጠዋት የተጠጣ ተልባ ማታ የመጣውን አሴታልዴሃይድ የሚያገኝበት መንገድ የለም።

ሁለተኛው የጉዳት መንገድ ግን በአንጀት በኩል ነው፣ የፋይበር ነገርም የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። የአንጀትን ግድግዳ እንደ ጀጎል ግንብ አስቢው። በበሮቹ የሚገባው ይገባል፣ የማይገባው ውጭ ይቀራል። አልኮል ሲደጋገም ግን የግድግዳውን ሴሎች እርስ በርስ የሚያያይዘው ማሰሪያ ይላላል፣ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ሚዛናቸው ይዛባል። ያኔ ኢንዶቶክሲን የሚባል የባክቴሪያ ቅርፊት ስብርባሪ ሾልኮ ደም ውስጥ ይገባል። ከአንጀት የሚነሳ ደም ደግሞ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው። እዚያ ያሉት የመከላከያ ሴሎች ጠላት መጣ ብለው ይነሱና ብግነት ይቀሰቅሳሉ፣ እነሱም በተራቸው ፍሪ ራዲካል ይለቃሉ። ስለዚህ ጉበቱ ከሁለት ወገን ነው የሚመታው፣ ከራሱ ከአልኮሉ እና ከሚያፈሰው አንጀት።

ፋይበርን እኛ መፍጨት አንችልም። ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይመገቡትና አጫጭር የቅባት አሲዶች ያመርታሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢዩቲሬት ነው፣ እሱ የትልቁ አንጀት ሴሎች ዋና ምግብ ነው፣ ያላላውን ማሰሪያ ለማጥበቅም ያግዛል። ግድግዳው ሲጠብቅ ወደ ጉበት የሚሾልከው መርዝ ይቀንሳል፣ ብግነቱም ይቀንሳል። ሌላም ነገር አለ፣ በጥራጥሬ ገለባና በፍራፍሬ ልጣጭ ላይ ፖሊፌኖል የሚባሉ ኦክሲዴሽንን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች ከፋይበሩ ጋር ተጣብቀው ይኖራሉ። ሆድ ውስጥ አይለቁም። ባክቴሪያዎቹ ፋይበሩን ሲበሉት ነው እዚያው ትልቁ አንጀት ውስጥ የሚለቀቁት። የእኛ አገር ቀይ ማሽላ በዚህ የታደለ እህል ነው።

ማስረጃው ምን ያህል ነው ካልሽኝ፣ እንስሳት ላይ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አልኮል ከሚሰጣቸው አይጦች ለተወሰኑት አጃ ቀላቅሎ ሲመግብ፣ አጃ የበሉት አንጀታቸው ያን ያህል አላፈሰሰም፣ ጉበታቸውም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ በ2017 በወጣ ሥራ ፔክቲን፣ ማለትም ብርቱካንና ፖም ውስጥ ያለው ፋይበር፣ የአይጦችን የአንጀት ባክቴሪያ ጠብቆ ጉበታቸውን ከአልኮል ጉዳት አትርፏል። አብሽም ቢሆን ሕንድ ውስጥ አልኮል በተሰጣቸው አይጦች ላይ ተሞክሮ የጉበትን ኦክሲዴቲቭ ጉዳት እንደቀነሰ በ2003 ታትሟል። አንቺ የምትሰጪው ነገር እንዲሁ ከመሬት የመጣ አይደለም ማለት ነው።

ሰው ላይ ሲመጣ ግን ነገሩ ይሳሳል። ቤልጂየም ውስጥ ከአልኮል ለመላቀቅ ሆስፒታል የገቡ ወደ 50 የሚጠጉ ታካሚዎች ለ17 ቀን፣ ግማሾቹ ኢኑሊን የሚባል ፋይበር፣ ግማሾቹ ማስመሰያ ተሰጣቸው። ኢኑሊን የወሰዱት የአንጀት ባክቴሪያቸው በደንብ ተለወጠ። ጉበታቸው ግን ከሌሎቹ የተሻለ አልሆነም። 17 ቀን አጭር ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን «ፋይበር ጉበት ያድናል» ብሎ አፍ ሞልቶ ለመናገር የሚያስችል ውጤት አይደለም። ልብና ኩላሊት የተባለው ደግሞ ከዚህም የሳሳ ነው፣ በአብዛኛው አይጥ ላይ በተለካ ኬሚካል ላይ የቆመ ነው። ቪዲዮው የበዛበት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ኩሽናሽ ልግባ።

ተልባውን እንዴት ነው የምታዘጋጂው? ብዙ ሰው ቆልቶ ፈጭቶ በውሃ በጥብጦ ያጠልለዋል፣ አተላውን ይደፋል። ውሃው ውስጥ የሚቀረው ያ የሚያሙለጨልጨው ነገር ራሱ የሚሟሟ ፋይበር ነው፣ ባክቴሪያዎቹ የሚወዱት። የተደፋው ገለባ ግን ሌላኛው ግማሽ ነው። ስለዚህ አታጥሊው። ቆላ ቆላ አድርጊ፣ እንዳይከስል፣ በደንብ አልሚው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ ወዲያው ይጠጣው። ከቆየ ይወፍርና ለመዋጥ ያስቸግራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ፋይበር ይሰጣል። ብዙ ፈጭተሽ አታስቀምጪ፣ በድሬ ሙቀት ቅባቱ ቶሎ ይበላሻል። ሽታው ከተለወጠ ጣይው።

አብሹን ደግሞ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ መራራውን ውሃ እየቀየርሽ ስትመቺው ነጭ አረፋ ሆኖ ይነሳል አይደል? ያ አረፋውን የያዘው ጋላክቶማናን የሚባል የሚሟሟ ፋይበር ነው። መራራውን ውሃ ብትደፊም ፋይበሩ አይሄድም። ሐረሮች ሁልበት መረቅ ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ያው እሱ ነው፣ እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ምግብ ይበሉታል፣ እኔም የምወደው በዚህ መልኩ ሲሆን ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ባለቤትሽ የስኳር መድኃኒት ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ አብሹን ለሐኪሙ ሳትነግሩ በየቀኑ አትስጪው። አብሽ ስኳር ያወርዳል፣ አልኮልም በባዶ ሆድ ስኳር ያወርዳል፣ ሁለቱ ሲደመሩ አደጋ ነው። ማንኛውንም ክኒን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ከተልባውና ከአብሹ ሁለት ሰዓት ያህል ያራርቀው። ያ ሙልጭልጭ ነገር መድኃኒቱን ይዞ ሊያስቀረው ይችላል።

«ምን ያህል ልስጠው» ላልሽው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ከምግብ ይላል። የጠዋቷ ተልባ 3 ግራም ብቻ ናት። ቀሪው ከየት ይምጣ? ከሳህኑ ነው። 100 ግራም የበሰለ ምስር ወደ 8 ግራም ይሰጣል። አንድ ደህና ዘይቱን 5 ግራም፣ ግማሽ አቮካዶ 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ሙዝ 3 ግራም። ተልባዋን ጨምረሽ ደምሪው፣ 25 ሞላ። ቀፊራ ገበያ ወርዶ የሚገዛ ሰው ለዚህ ፋርማሲ መሄድ የለበትም። ፉል ለቁርስ፣ የማሽላ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ ለምሳ፣ ቅንጨ ወይም በሶ ሲያሻው። ድሬ ላይ ፓስታና ሩዝ ስለሚዘወተር ነው ፋይበሩ የሚጎድለው፣ እሱን ሳምንቱን ሙሉ አታድርጊው። ጁስ ደግሞ ፍራፍሬ አይደለም፣ በተለይ ተጠልሎ ስኳር የተጨመረበት። ማንጎውን በማንኪያ ይብላው።

ቀስ ብለሽ ጨምሪ። ፋይበር ለምዶ የማያውቅ ሰው በአንድ ጊዜ ሲበዛበት ሆዱ ይነፋና «ተይኝ» ይላል፣ ያኔ ሁሉንም ያቆማል። ውሃም አብዢለት፣ ሙቀቱ፣ ጫቱና ቢራው ሁሉም ያደርቁታል፣ ፋይበር ያለ ውሃ ሲሆን ደግሞ ሆድ ያደርቃል እንጂ አያለሰልስም።

የታሸገውን ዱቄት አትግዢ። ብሩ ብቻ አይደለም የሚቆጨኝ። ከምግብ ተነጥሎ የወጣ ፋይበር ከምግቡ ጋር አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሥራ የአንጀት ባክቴሪያቸው የተዛባ አይጦች ላይ የተጣራ ኢኑሊን ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ አንዳንዶቹ የጉበት ካንሰር ያዛቸው። አይጥ ነው፣ ሰው ላይ እንዲህ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ግን የባለቤትሽ አንጀት አሁን ሚዛኑን የሳተ ሊሆን ይችላል፣ ጉበቱም እየተጎዳ ነው፣ በእሱ ላይ የምንሞክርበት ምክንያት የለም። «አንቲኦክሲዳንት» ተብለው የሚሸጡ ክኒኖችም እንደዚያው። ፊንላንድ ውስጥ ቤታ ካሮቲን ክኒን የተሰጣቸው አጫሾች የሳንባ ካንሰራቸው ጨምሮ ነው የተገኘው፣ 1994 ላይ ነው የታተመው። ካሮትና ጎመን መብላት ሌላ፣ ክኒኑ ሌላ።

ቢራ ሲጠጣ የሚቀርብ ኦቾሎኒ አለ፣ የባቢሌ። ጣፋጭ ነው፣ ፋይበርም አለው። ግን በምሥራቅ ኢትዮጵያ ኦቾሎኒ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ በተደጋጋሚ በጥናት ተገኝቷል፣ ይሄ መርዝ ዒላማው ጉበት ነው፣ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ የጉበት ካንሰር አደጋውን እጅግ ያከብደዋል። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ሲቀመስ የሚመር ፍሬ ካገኘሽ ትፊው፣ መቁላት መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

አሁን ደግሞ ጫቱ። ይሄን ሳላነሳ ባልፍ ሐቀኛ ምላሽ አልሰጠሁሽም። ቃሚ ሰው ከሰዓት የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል። ምሳውን ቶሎ ቶሎ ጎርሶ ይቀመጣል፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር በባዶ ሆዱ ቢራ ላይ ይወድቃል፣ እራት የሚባል ነገር የለም። ፋይበር ከየት ይግባ? በዚያ ላይ ጫቱ ራሱ ንጹሕ አይደለም። ሐረር ሆስፒታሎች ውስጥ ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት 150 ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሕመሙ ከሌለባቸው 300 ሰዎች ጋር ሲያነጻጽር፣ ጫት መቃም ከሕመሙ ጋር ተያይዞ ነው የተገኘው፣ ቃሚነቱ በበዛ ቁጥር አደጋውም ይበዛ ነበር። ስለዚህ የባለቤትሽ ጉበት ላይ ያለው ጭነት ቢራ ብቻ አይደለም። «ጫትም ቅጠል ነው፣ ፋይበር አለው» የሚልሽ ካለ አትስሚው።

ጠዋት ራሱን ሲያመው ፓራሲታሞል ይወስዳል? እባክሽ ይሄን ጠይቂው። ያ ቅድም የነገርኩሽ የበዛ ኢንዛይም ፓራሲታሞልንም ወደ መርዝ ይቀይረዋል፣ መርዙን የሚያመክነው ደግሞ ያለቀበት ግሉታታዮን ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ምንም የማያደርግ መጠን የዘወትር ጠጪን ጉበት ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ሐኪም ሳያየው በዘፈቀደ አይዋጠው።

ስለ ቢራው ልቁጠርልሽ። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ አንድ ጠርሙስ፣ አልኮሉ 5 በመቶ ከሆነ፣ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው። አምስቱ 65 ግራም። አረቄው ከተጨመረ ከዚያ ይበልጣል። በቀን ከ60 ግራም በላይ ዘወትር ከሚጠጡ ሰዎች አብዛኞቹ ጉበታቸው ላይ ስብ ይጠራቀማል። ደስ የሚለው ነገር፣ ይሄ ደረጃ ይመለሳል። መጠጡ ከቆመ ስቡ ብዙ ጊዜ በሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ማንም ተልባ፣ ማንም አብሽ፣ ማንም ዱቄት ይሄን ያህል ለውጥ በዚህ ፍጥነት አያመጣም። ስቡ አልፎ ጠባሳ ከሆነ ግን መመለሱ ይከብዳል፣ ለዚህ ነው አሁን የምቸኩለው።

ግን በአንድ ቀን ቁም ብለሽ አትጨቅጭቂው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ላብ ሊያጠምቀው፣ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። ይባስ ብሎ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ደግሞ መቃዠት ሊመጣ ይችላል፣ ይሄ ሊገድል ይችላል። ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆም ጥሎት ከሆነ፣ የሚያቆመው ሐኪም ቤት በክትትል ነው። እዚያ ቫይታሚን ቢ1 ይሰጡታል፣ ጠጪ ሰው በዚህ ቫይታሚን ስለሚደኸይ። ይሄ ምልክት ከሌለው ደግሞ የሚቅምበትን ቀን ከመቀነስ ይጀምር። ጫቱ ከቀነሰ ጨብሲው አብሮ ይቀንሳል፣ ምርቃና ከሌለ ለመስበር የሚያስወጣው ነገር የለም። እራት ሳይበላ እንዳይወጣ አድርጊ፣ ከቻልሽ ከቤት ቤተሰብ ጋር ይብላ።

ቅድም ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል ብዬሽ ነበር። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ተመርምሯል? ካልተመረመረ መጀመሪያ እሱን። አንቺም ተመርመሪ፣ ቢ በግንኙነት ይተላለፋል፣ ክትባትም አለው። ከዚያ የሆድ አልትራሳውንድ፣ ፕላትሌት፣ ቢሊሩቢን፣ አልቡሚን፣ የደም መርጋት ምርመራ ያድርግ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሆዱ ካበጠ፣ ደም ካስታወከው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ግን ቀጠሮ የለም፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ሲመረመር ከተልባው በፊት በባዶ ሆዱ ይሂድ። የሄፓታይተሱንና የአልትራሳውንዱን ውጤት ስታገኚ ጻፊልኝ፣ ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነም አብረሽ ንገሪኝ፣ የሚበላውን ከዚያ ተነስተን በደንብ እናስተካክላለን።